ዳግማዊ ምኒልክና የመኪና ጥበብ

ጥበብ የእግዚአብሔር ስጦታ ስለ ሆነ በአንድ አገር ብቻ ተወስኖ አይኖርም። ከአንዱ ሕዝብ ወደ ሌላው ሕዝብ እየተሸጋገረ የሰውን ድካም ያቀላል። ነገር ግን ተቀባዩ ሕዝብ ሁለት ነገር ያስፈልገዋል። አንደኛው የማያውቀውን ነገር ለማወቅ መጓጓት ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ከጥበቡ ጋራ ተሸሽጎ የሚገባውን የባዕድ ፈቃድ ለይቶ ማስቀረት ነው። እነዚህ ሁለቱ ባንድ ሰው ልብ ተስማምተው መገኘታቸው ብዙ ጊዜ የሚታይ አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ልብ ግን ተገኝተዋል።

በጣና ሐይቅ ሰሜን ዳርቻ ያለችው ጎርጎራ ለዚህ ነገር ጥንታዊት ምስክር ናት። ዐፄ ሱስንዮስ በዚያ በከተሙ ጊዜ፣ ጴጥሮስ ጳኤዝ የተባለው የእስፓኝ ተወላጅ ኢየሱሳዊ ቄስ በ1606 ዓ.ም. ገደማ ባለ ፎቅ የድንጋይ ቤት አሠራላቸው። መዶሻውንና መሮውን እያስቀጠቀጠ፣ ድንጋይ ጠራቢውንና አናጢውን ራሱ እያስተማረ ሥራውን ፈጸመው። በቤት ላይ ሌላ ቤት መቆሙም ለተመልካቹ ሁሉ ድንቅ ሆነ። ዳሩ ግን ጥበቡ ብቻውን አልመጣም። የሮማ ሃይማኖት በስተኋላው ተከትሎ ገባ፤ ንጉሡም ተቀበሉት፤ ስለዚህም ወንድም በወንድሙ ላይ ተነሥቶ ብዙ ደም ፈሰሰ። በ1624 ዓ.ም. ዐፄ ሱስንዮስ የአባቶች ሃይማኖት እንዲመለስ ዐውጀው መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ዛሬ ከዚያ የድንጋይ ቤት የቀረው ፍርስራሽ ነው። በጎርጎራ ያለችው የደብረ ሲና ማርያም ቤተ ክርስቲያን ግን ካህናቱና ደብተሮቹ በየትውልዱ ሣሯን እየለወጡ፣ ግድግዳዋን እየጠገኑ ስለ ጠበቋት ከነሥዕሎቿ ቆማለች። ከዚህም የሚገኘው ትምህርት፣ የተሠራ ነገር ሁሉ ጠባቂ ካላገኘ እንደሚጠፋና ከእምነትና ከነፃነት ጋራ ያልተስማማ ጥበብም ሥር እንደማይሰድ ነው።

ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በሸዋ በአንጎለላ ተወለዱ። አባታቸው ንጉሥ ኃይለ መለኮት በ1848 ዓ.ም. በሞቱ ጊዜ ገና የ11 ዓመት ልጅ ነበሩ። ዐፄ ቴዎድሮስም ሸዋን አቅንተው ልጁን ይዘው ሄዱ፤ ምኒልክም ዐሥር ዓመት ያህል በቴዎድሮስ ቤተ መንግሥትና በመቅደላ አምባ አደጉ። ስሙ ግዞት ይሁን እንጂ ዐፄ ቴዎድሮስ እንደ ልጃቸው አድርገው አሳደጓቸው፤ የጦር ትምህርትና የመንግሥት ሥርዓትም በዚያ ቀሰሙ። የመሣሪያን ነገር አጥብቀው ከያዙ ንጉሥ አጠገብ ማደጋቸው በልባቸው አንድ ነገር ሳይተክል አልቀረም።

ዐፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ላይ ሚሲዮናውያኑን የእጅ ሠራተኞች ሰብስበው መንገድ ያስጠርጉ፣ ባለ መንኰራኵር ሠረገላ ያሠሩ፣ መድፍም ያስቀልጡ እንደ ነበረ የታወቀ ነው። በመጨረሻ ያሠሩት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ 7 ቶን ገደማ ይመዝን ነበር። ይህንንም ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ ገደሉን እየናዱ፣ መንገዱን እየጠረጉ በሰው ጉልበት አስጐተቱት። ነገር ግን ጥበቡን በሰንሰለት ይዘው ሊያስቀሩት ስለ ፈለጉ፣ የእንግሊዝን ሰዎች በማሰራቸው ጦር መጣባቸው፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ሕይወታቸው አለፈ። ምኒልክ ከዚያ ሦስት ዓመት አስቀድመው፣ በ1857 ዓ.ም.፣ ከአምባው አምልጠው ወደ ሸዋ ገብተው ነበር። የሱስንዮስ ታሪክ ጥበብን ከባዕድ ሃይማኖት ጋራ መቀበል እንደማይበጅ ያስተምራል፤ የቴዎድሮስ ታሪክ ደግሞ ጥበበኛን በግድ መያዝ ፍሬ እንደሌለው ያስተምራል። ምኒልክ ከሁለቱም የራቀ ሦስተኛ መንገድ መረጡ። ይኸውም ባለ ሙያውን በደመወዝና በወዳጅነት መያዝ፣ ሙያውን መማር፣ ሥልጣኑን ግን ለራስ ማስቀረት ነው።

በዚህ አሳብ ንጉሥ ምኒልክ ከኤውሮፓ ባለ ሙያ ይላክላቸው ዘንድ ጠየቁ፤ በ1871 ዓ.ም. አልፍሬድ ኢልግ የተባለ የስዊስ አገር መሐንዲስ ከሁለት የእጅ ሠራተኞች ጋራ አንኮበር ገባ። ይህ ሰው በአዋሽ ወንዝ ላይ ድልድይ አሠራ፤ በኋላም የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ ሆኖ ከ25 ዓመት በላይ በኢትዮጵያ አገለገለ። አማርኛውን አጥርቶ ያውቅ ነበርና ንጉሡ በአስተርጓሚ ሳይሆን በቃሉ ይነጋገሩት ነበር። ኢልግ የመጣው ከቅኝ ገዢ መንግሥት አለመሆኑም ለምኒልክ አሳብ የተመቸ ነበረ።

ምኒልክ ለመኪና የነበራቸው ፍቅር እንደ ልማድ መኳንንት ለጌጥና ለመታያ አልነበረም። በዘመኑ ቤተ መንግሥታቸውን የጐበኙ የውጭ አገር ሰዎች ጽፈው እንዳስቀሩት፣ ንጉሠ ነገሥቱ ሰዓት ወይም ጠመንጃ ሲቀርብላቸው ውጪውን አይተው አይበቃቸውም ነበር። አካሉን ፈታትተው፣ የውስጡን ጥርስና ጅማት መርምረው፣ ምን ምኑን እንደሚያንቀሳቅሰው ካላወቁ አይተዉትም ነበር። ገና ጎሕ ሳይቀድ ጸሎታቸውን አድርሰው ወደ ጉዳያቸው ይገባሉ፤ ከዚያም በግቢው ውስጥ አንጥረኛው፣ አናጢውና ጠመንጃ አዳሹ ወደሚሠሩበት ስፍራ ይወርዱ ነበር። በአገራችን የቀጥቃጩና የሸማኔው ሙያ በሚናቅበት ዘመን ንጉሥ በጉልበተኛው መካከል ቆሞ ስለ መዶሻና ስለ ወናፍ መጠየቁ ራሱ ዐዋጅ ነበረ። በሥራም ጊዜ ራሳቸው ድንጋይና እንጨት ይሸከሙ ነበርና መኳንንቱ እጃቸውን አጣጥፈው ለመቆም አይቻላቸውም ነበር።

አዲስ አበባ ከተቈረቈረች በኋላ ኢልግ ከእንጦጦ ተራራ ሥር ውሃ በቧንቧ ስቦ ወደ ቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ባወጣ ጊዜ፣ ውሃ ወደ ላይ ሲወጣ ያየው ሕዝብ እጅግ ተደነቀ። ቀጥሎም ስልክ መጣ፤ ከአዲስ አበባ እስከ ሐረር 477 ኪሎ ሜትር የሚሆነው ሽቦ በ1890 ዓ.ም. ዙሪያ ተዘረጋ። አካል የሌለው ድምፅ ከሣጥን ሲወጣ መስማት ለአንዳንድ ካህናት የአጋንንት ሥራ መስሎ እንዳስጨነቃቸው በታሪክ ተጽፏል። ንጉሠ ነገሥቱ ግን ካህናቱን አላዋረዷቸውም፤ ስለ እነርሱም ብለው ሥራውን አልተዉም። ከሰው የተገኘ ጥበብ ከእምነት ጋራ እንደማይጣላ በትዕግሥትና በሥራ አሳዩ። ቤተ ክርስቲያን እያሳነፁ፣ ጾሙንና በዓሉን እየጠበቁ፣ ሽቦውን አስዘረጉ። ስለዚህ በሱስንዮስ ዘመን የሆነው ሁከት በምኒልክ ዘመን አልሆነም።

መኪና ያለ መንገድ ከንቱ መሆኑን ስላወቁ ከአዲስ አበባ እስከ አዲስ ዓለም ድረስ ጥርጊያ መንገድ አሠሩ። ለዚሁም ሥራ ሰርኪስ ቴርዚያን የተባለው የአርመን ነጋዴ በ1896 ዓ.ም. ገደማ በእንፋሎት የሚሠራ መንገድ መዳመጫ መኪና ከውጭ አገር አስመጣ። የምድር ባቡሩ በዚያን ጊዜ ከድሬዳዋ ወዲህ አላለፈም ነበርና ይህን የሚያህል ብረት በረሃውንና ዳገቱን አሻግሮ አዲስ አበባ ለማድረስ ብዙ ሕዝብ በገመድ ጐተተው። ሕዝቡም የሰርኪስ ባቡር ብሎ ሰየመው። በዚያን ዘመን በእሳትና በውሃ ኃይል የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ባቡር ይባል ነበር፤ የሚፈጨውም ባቡር፣ መንገዱን የሚደመድመውም ባቡር፣ በሐዲድ የሚሄደውም ባቡር ነበር። ቋንቋችን ለአዲሱ ነገር ስም እስኪያገኝ ድረስ አንዱን ቃል ለሁሉም አበደረው።

ይሁን እንጂ የመኪና ፍቅር ንጉሠ ነገሥቱን ዓይናቸውን አላሳወራቸውም። በ1886 ዓ.ም. ለኢልግና ለፈረንሳዊው ሸፍኔ የምድር ባቡር ፈቃድ ሰጡ፤ ሐዲዱም በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ ደረሰ። ነገር ግን የፈረንሳይ መንግሥት ያለ እርሳቸው ፈቃድ ከኩባንያው ጋራ ውል አድርጎ በባቡሩ ላይ ሥልጣን ሊያገኝ መሞከሩን ባወቁ ጊዜ፣ እጅግ የሚወዱት ሥራ ለዓመታት ቆሞ እንዲቀር ታገሡ። ባቡሩን መናፈቃቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን በባቡሩ ላይ ባዕድ መንግሥት ተጭኖ እንዲገባ አልፈቀዱም። በ1900 ዓ.ም. አዲስ ውል እስኪፈጸም ድረስ ሐዲዱ ከድሬዳዋ አላለፈም።

የጣናም ነገር እንደዚሁ ነበረ። የግብጽንና የሱዳንን ውሃ የምትጠብቀው እንግሊዝ በሐይቁና በዓባይ ላይ ዓይኗን ጥላ ነበር። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. በተፈረመው የወሰን ውል ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋራ ሳይስማሙ በዓባይ፣ በጣናና በሶባት ላይ ውሃውን የሚያቋርጥ ሥራ እንዳይሠራ ቃል ገቡ። ሐይቁን ግን ለማንም አሳልፈው አልሰጡም፤ መሐንዲሶች መጥተው ቢለኩም ግድብ የሚሠራበትን ፈቃድ በርሳቸው ዘመን ማንም አላገኘም። መኪናን እንደዚያ የሚወድ ንጉሥ በጎርጎራ ባሕር ዳርቻ የውጭ መንግሥት መኪና እንዳይተከል መጠንቀቁን ያየ ሰው፣ ፍቅርና ማስተዋል አብረው ሊኖሩ እንደሚችሉ ይረዳል።

ከዚህ በኋላ ታላቁ የመኪና ዘመን መጣ። በ1900 ዓ.ም. ቤድ ቤንትሌ የተባለ እንግሊዛዊ፣ ዌልስ ከተባለ ባልንጀራው ጋራ 18 የፈረስ ጉልበት ባለው ዎልስሌ ሲድሌ በተባለ አውቶሞቢል ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ ገባ። ይህ ሰው በስሙ ከሚጠራው የታወቀ የአውቶሞቢል ፋብሪካ ጋራ ዝምድና ያለው እንዳይመስል፤ ያ ፋብሪካ የተቋቋመው ከዚህ ከዐሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በዚያን ጊዜ ከባሕር ጠረፍ እስከ ሸዋ የነበረው የግመልና የበቅሎ መንገድ ብቻ ስለ ነበረ፣ አውቶሞቢሉ አሸዋውንና ቋጥኙን፣ የአዋሽን ቈላና የሸዋን ዳገት እንዴት እንዳለፈ ማሰቡ ያስገርማል። ንጉሠ ነገሥቱም ሠረገላው ያለ ፈረስና ያለ በቅሎ ሲሄድ ባዩ ጊዜ እንደ ልማዳቸው አልፈሩም፤ ተሳፈሩበት፤ በሩጫውም ደስ አላቸው፤ ስለ አሠራሩም ጠየቁ። በዕድሜያቸው ከ60 ዓመት አልፈው ሳለ የልጅነት ጉጉታቸው አልቀዘቀዘም ነበር።

ብዙ ሳይቆይ አርኖልድ ሆልትዝ የተባለ ጀርመናዊ ናኬ የተባለውን የአገሩን አውቶሞቢል ይዞ መጣ። እንግሊዝና ጀርመን በዚያን ዘመን በሁሉ ነገር ይፎካከሩ ነበርና ፉክክሩ እስከ ምኒልክ አደባባይ ደረሰ። ንጉሠ ነገሥቱ ግን ከፉክክሩ ለአገራቸው የሚበጀውን ቀዱ። አውቶሞቢል መግዛት ቀላል ነው፤ ሲሰበር የሚጠግነው ኢትዮጵያዊ ከሌለ ግን ዛሬ ሠረገላ የነበረው ነገ የብረት ክምር ይሆናል። ስለዚህ በዚያው ዓመት የአውቶሞቢል መንዳትና የመጠገን ሙያ ይማሩ ዘንድ ሦስት ኢትዮጵያውያን ወደ ጀርመን አገር ላኩ። ከእነርሱም አንዱ በኋላ ነጋድራስ የተባለው፣ በቅኔውና በድምፁ ዝና ያገኘው የምንጃሩ ተወላጅ ተሰማ እሸቴ ነበር። ተሰማ በጀርመን ሳለ የሞተርን ነገር ከመማሩ ሌላ ዜማውን በሸክላ አስቀርጾ፣ ድምፁን በሸክላ ካስቀረጹት ኢትዮጵያውያን የመጀመሪያው ሆነ። አንዱ የመኪና ተማሪ ሁለት ጥበብ ይዞ መመለሱ፣ ሰውን ለትምህርት መላክ ከታሰበው በላይ እንደሚያፈራ ያስረዳል።

ነገር ግን የሰው ዕድሜ በእግዚአብሔር እጅ ነው። አውቶሞቢሉ በገባበት በ1900 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን የሚያሽመደምድ በሽታ ያዛቸው። በዚያው ዓመት ሚኒስትሮችን ሾመው፣ የባቡሩን ውል አድሰው፣ በቀጣዩ ዓመት በስማቸው የተጠራውን ትምህርት ቤት አስከፍተው ነበር። በ1901 ዓ.ም. የልጃቸውን ልጅ ልጅ ኢያሱን አልጋ ወራሽ አድርገው ዐወጁ፤ በ1902 ዓ.ም. በሽታው ጠንቶ አካላቸውን ያዘው፤ አንደበታቸውንም ዘጋው። ዕድሜውን ሙሉ መንኰራኵር ሲዞር ማየት ደስ ያሰኘው የነበረ ሰው፣ እጁና እግሩ አልታዘዝ ብለው በእልፍኝ ውስጥ ተኛ። ለመኪና ትምህርት ወደ ጀርመን የተላኩት ልጆች ሙያቸውን ይዘው ሲመለሱ የላካቸው ጌታ እንደ ቀድሞው ወደ ግቢው ሥራ ቤት ወርዶ የሚጠይቃቸው አልነበረም። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ዐረፉ፤ አፅማቸውም በታዕካ ነገሥት በአታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ይገኛል።

ከ20 ዓመት በላይ የደከሙለት የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ፤ እርሳቸው ግን አላዩትም። ሙሴ የተስፋይቱን ምድር ከተራራ ላይ አይቶ እንዳልገባባት፣ ምኒልክም የሥራቸውን ጅማሬ እንጂ ፍጻሜውን ለማየት አልታደሉም። አውቶሞቢል ከዚያ በኋላ በዛ፤ ከመኳንንት ደጅ ወደ ነጋዴው፣ ከነጋዴው ወደ መንገደኛው ወረደ። እስከ ጎርጎራ የሚያደርሰው የመኪና መንገድ ግን የተሠራው በጠላት ወረራ ዘመን ነው። ጣሊያን በዚያ ወደብ የሠራው ለራሱ ጥቅም እንጂ ለጣና ዳርቻ ሰው አስቦ አልነበረም። በ1933 ዓ.ም. ጠላት ሲወጣ መንገዱና ወደቡ ለባለ አገሩ ቀረ። በታንኳ ብቻ ይሻገር የነበረው የጎርጎራ ሰውም በሞተር ጀልባ ወደ ባሕር ዳር ለመሄድ ቻለ።

የዚህ ታላቅ ንጉሥ ሕይወት ለሹማምንትና ለካህናት የሚሰጠው ምክር ግልጽ ነው። ለሹም የሚሰጠው ምክር፣ አዲስ መኪና ከማስመጣት አስቀድሞ የሚጠግነውን ሰው ማስተማር እንዲገባ ነው፤ ከውሉም ቃል ውስጥ የአገርን ሥልጣን የሚሸራርፍ እንዳይኖር ሳይሰለቹ መመርመር ነው። ለካህን የሚሰጠው ምክር፣ የሰው እጅ የሠራውን ጥበብ ሳይፈሩ፣ ሃይማኖትንም ሳይለውጡ መቀበል እንዲቻል ነው።

ሦስተኛም ምክር አለ፤ ይህ ለሁሉም ነው። ኢትዮጵያ የገቡት የመጀመሪያዎቹ አውቶሞቢሎች፣ መንገድ መዳመጫዎች፣ ሰዓቶችና የስልክ ሣጥኖች የታሪክ ቅርስ ናቸው። ነገር ግን አሮጌ ብረት ዋጋው በሚዛን ብቻ ስለሚታይ፣ ብዙው በየግቢው ጥግ ዝጎ፣ በቀጥቃጭ እጅ ተቈራርጦ፣ ማረሻና ቢላዋ ሆኖ አልቋል። የጣና ደሴቶች መነኰሳት ብራናው ሲቀደድ በጅማት እየሰፉ፣ ገበታው ሲሰበር እየለወጡ፣ የነገሥታቱን አፅምና መጻሕፍቱን ለብዙ መቶ ዓመታት ጠብቀዋል። ያረጀ መኪናም እንደ ብራና መጽሐፍ ነው። አንዱ ጥርሱ ቢወልቅ ሌላ ጥርስ ይቀጠቀጥለታል፤ ቆዳው ቢያልቅ ይለበድለታል፤ የሚያነብበት ሰው ካለም የአባቶችን አሳብና ድካም ይነግራል። የምኒልክ ቤተ መንግሥት ግቢ በ2012 ዓ.ም. ለሕዝብ ተከፍቶ መታየቱ መልካም ጅምር ነው። ጅምሩ የሚፈጸመው ግን በየመሥሪያ ቤቱ ጓዳና በየመኪና ማቆሚያው ጥግ የተጣለው አሮጌ መኪና ለብረት ገዢ ከመሰጠቱ በፊት የሚያውቀው ዓይንና የሚጠግነው እጅ ሲያገኝ ነው።

ሰዓትን ፈትቶ መልሶ መግጠም የሚወድ ንጉሥ የነበረን ሕዝብ፣ የተፈታውን ሁሉ ሳይገጥም ቢቀር በታሪክ ፊት ያፍራል። የጎርጎራ የድንጋይ ቤት ጠባቂ አጥቶ ፈረሰ፤ ደብረ ሲና ግን ጠባቂ አግኝታ ቆመች። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የድንጋዩ ጥንካሬ ሳይሆን የጠባቂው ትጋት ነው።